መሬቱ የሚወስደውና የሚመልሰው ካርቦን፦ ጋምቤላ ላይ ሲታይ

በየካቲት የጋምቤላ ከተማ ሙቀት ወደ 40 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሲጠጋ ስለ ሰውና ስለ ከብት ብዙ ይባላል። ውሃ ጠጡ፣ ከፀሐይ ዞር በሉ ይባላል። ስለ አፈሩ የሚያነሣ ግን እምብዛም የለም። አፈሩም፣ ሣሩም፣ ዛፉም ሙቀቱ ይሰማቸዋል። ከአየር የሚወስዱት ካርቦን ይለዋወጣል፤ ወደ አየር የሚመልሱትም እንዲሁ። ይህ ልውውጥ እንዴት እንደሚሠራ፣ ሲዛባም ምን እንደሚያስከፍል ቀስ እያልን እንይ። ዓመታቱን የምጠቅሰው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

መጀመሪያ ካርቦን ምንድን ነው? ከሰል በእጅዎ ይዘው ያውቃሉ። ያ ጥቁር ነገር በአብዛኛው ካርቦን ነው። እንጨቱ ከሰል ከመሆኑ በፊትም ውስጡ ነበረ፤ የደረቀ እንጨት ክብደት ግማሽ ያህሉ ካርቦን ነው። ዛፉ ይህን ያገኘው ከአፈር አይደለም፤ ከአየር ነው። አየር ውስጥ ካርቦን ከኦክሲጅን ጋር ተጣምሮ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚባል ጋዝ ሆኖ ይኖራል። ስንተነፍስ የምናስወጣው፣ እሳትና የመኪና ሞተር የሚለቁት ይህንኑ ጋዝ ነው። ሲበዛ ከምድር ሊወጣ የነበረውን ሙቀት ይዞ ያስቀራል። ፋብሪካ ከመስፋፋቱ በፊት ከአንድ ሚሊዮን የአየር ቅንጣት 280 ያህሉ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነበር፤ አሁን ከ420 አልፏል።

መሬት ካርቦን የሚያስገባው በቅጠል በኩል ነው። በቅጠል ገጽ ላይ በዓይን የማይታዩ ብዙ ቀዳዳዎች አሉ። በእነሱ በኩል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይገባል፤ ከሥር ውሃ ይመጣል፤ በፀሐይ ብርሃን ኃይል ሁለቱ ተዋሕደው ስኳር ይሆናሉ። ልጆችዎ በትምህርት ቤት ብርሃን አስተጻምሮ ብለው የሚማሩት ይኸው ነው። ከስኳሩ ቅጠል፣ ግንድ፣ ሥርና ፍሬ ይሠራል። በባሮ ወንዝ ዳር የሚሸለቀቀው የበቆሎ እሸት ከጥቂት ወራት በፊት አየር ላይ የነበረ ካርቦን ነው።

ወጪውስ? ተክሉ ራሱ ቀንም ሌሊትም ይተነፍሳል፤ ከሠራው ስኳር ግማሽ ያህሉን ለራሱ ኑሮ ይጠቀምበታል። የወደቀውን ቅጠል፣ የሞተውን ሥርና የከብቱን እበት ደግሞ አፈር ውስጥ ያሉ ረቂቅ ተሕዋስያን ይበሉታል። እነዚህ ያለ አጉሊ መነጽር የማይታዩ ባክቴሪያዎችና ጥቃቅን ሻጋታዎች ናቸው። እነሱም በልተው ይተነፍሳሉ፤ የሚያስወጡትም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ከዚህ ላይ እሳት አለ።

የገባው ከወጣው ሲበልጥ መሬቱ ያጠራቅማል፤ ሲያንስ ከጎተራው ይጎድላል። ጎተራው የት ነው? ብዙ ሰው ዛፍ ላይ ይመስለዋል። በዓለም ደረጃ ሲታይ ግን ትልቁ ክምችት ከእግራችን ሥር ነው። የላይኛው አንድ ሜትር አፈር ብቻውን 1,500 ቢሊዮን ቶን ያህል ካርቦን ይዟል። ይህ የዓለም ተክል ሁሉ ተደምሮ ከያዘው ሦስት እጥፍ ገደማ ነው። እስከ ዛሬ የዓለም መሬት በጠቅላላው የሚያስገባው ከሚያስወጣው ይበልጣል። የሰው ልጅ በየዓመቱ ወደ አየር ከሚለቀው ካርቦን ዳይኦክሳይድ 30 በመቶ ያህሉን ተክልና አፈር ይወስዱልናል። ይህን ያህል ውለታ የሚውል ማሽን የትም አልተሠራም። ጥያቄው ሙቀቱ ሲጨምር ውለታው ይቀጥላል ወይ የሚለው ነው።

ሙቀት ለተክል ጥሩ አይደለም እንዴ ይሉ ይሆናል። እስከ ልኩ ድረስ ጥሩ ነው። ደጋ ላይ ያለ ተክል ሞቅ ሲልለት ፈጥኖ ያድጋል። ግን እያንዳንዱ ተክል የራሱ ልክ አለው። ተክሎች ስኳር በሚሠሩበት መንገድ በሁለት ይከፈላሉ። ዛፎች፣ ቡና፣ ባቄላና ሩዝ በአንዱ ወገን ናቸው፤ በደንብ የሚሠሩት ሙቀቱ ከ20 እስከ 30 ዲግሪ ሲሆን ነው። በቆሎ፣ ማሽላና የጋምቤላ ሜዳ ረጅሙ ሣር በሌላው ወገን ናቸው፤ እነዚህ 30 ዲግሪ ታልፎም ይበረታሉ። ሜዳው ሣር የሞላው አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው።

ችግሩ ሙቀት ብቻውን አለመምጣቱ ነው። ሲሞቅ አየሩ ይደርቃል፤ የደረቀ አየር ደግሞ ከቅጠል ውሃ ይመጥጣል። ተክሉ ውሃውን ላለማጣት ቀዳዳዎቹን ይዘጋል። ጎርፉ ከሸሸ በኋላ ባሮ ዳር የተዘራን በቆሎ በቀትር ጠጋ ብለው ይዩት። ቅጠሉ በርዝመቱ ተጠቅልሎ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ጠዋት መዳፍ ያህል ሰፍቶ የነበረው በእኩለ ቀን ጣት ያህል ይቀጥናል። በዚያ ሰዓት ካርቦን አይገባም ማለት ይቻላል። ማምሻውን እንደገና ይዘረጋል። ሞቃቱ ሰዓት በረዘመ ቁጥር ተክሉ የሚሠራበት ሰዓት ያጥራል።

የአፈር ተሕዋስያን ግን የሚዘጉት ቀዳዳ የላቸውም። አፈሩ እርጥበት እስካለው ድረስ ሙቀት ያፈጥናቸዋል። ሳይንቲስቶች የሚጠቀሙበት ግርድፍ ስሌት አለ፤ ሙቀት በ10 ዲግሪ ሲጨምር የተሕዋስያኑ ትንፋሽ እጥፍ ገደማ ይሆናል። ፓናማ ውስጥ ተመራማሪዎች የሐሩር ደን አፈርን ለሁለት ዓመት በ4 ዲግሪ አሞቁት። ከአፈሩ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ በ55 በመቶ ጨመረ። ውጤቱ በ2020 ታተመ፤ የቆላ አፈር ሙቀት ስለለመደ ብዙም አይነካውም ብለው ለሚያስቡት ትልቅ ማስጠንቀቂያ ነበር።

እንዲህ ከሆነ በየካቲት ሐሩር የጋምቤላ አፈር ካርቦኑን ጨርሶ አያጣም ወይ? አያጣም፤ ምክንያቱም ውሃ የለም። ተሕዋስያን ያለ እርጥበት አይሠሩም፤ ብዙዎቹ ደርቀው ይተኛሉ። ጥቁሩን የመረሬ አፈር በዚያ ወቅት ቢያዩት እጅ እስኪያስገባ ድረስ ተሰነጣጥቋል። በስንጥቁ ውስጥ የሞተ ሥር፣ የሣር ብጣሽና አመድ ይገባል። ሁሉም ደርቆ ዝናብ ይጠብቃል።

ከዚያ የመጀመሪያው ዝናብ ይጥላል። በሰዓታት ውስጥ ተሕዋስያኑ ይነቃሉ፤ ወራት ሙሉ የተጠራቀመውን መብል ባንድ ጊዜ ይሻሙበታል። አፈሩ በጥቂት ቀናት ውስጥ ብዙ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይተፋል። ይህን በዝርዝር ያጠናው በ1950ዎቹ ኬንያ ይሠራ የነበረ ቢርች የሚባል የአፈር ተመራማሪ ነው፤ ክስተቱም እስካሁን በስሙ ይጠራል። ከመጀመሪያው ዝናብ በኋላ ሰብል ለምለም ብሎ የሚወጣው በከፊል በዚህ የተነሣ ነው። ተሕዋስያኑ ሲበሉ ናይትሮጅን የሚባለውን የተክል ምግብም ይለቃሉ። ስለዚህ ነገሩ ክፉ ብቻ አይደለም። ሣሩ ቶሎ ካቆጠቆጠ የወጣውን መልሶ ይወስደዋል። ዝናቡ ዘርዘር ብሎ መጥቶ ሲቀር፣ እንደገና ሲመጣና እንደገና ሲቀር ግን አፈሩ ደጋግሞ ያወጣል፤ መልሶ የሚወስድ ለምለም ነገር የለም። የአየር ንብረት ለውጥ ዝናቡን ሲያዛባው የምንፈራው አንዱ ነገር ይህ ነው።

አሁን ወደ እሳቱ እንምጣ። ክረምቱ አልፎ ሣሩ ሲደርቅ በጋምቤላ ሜዳ ላይ እሳት ይለቀቃል። ለከብት አዲስ ቡቃያ ለማግኘት፣ ለአደን፣ መንገድ ለመጥረግ፣ እባብና መዥገር ለማራቅ ነው። ይህ ጥፋት ነው? በደፈናው ጥፋት ነው ማለት ስህተት ይመስለኛል። የሣሩ ካርቦን ከአየር የመጣው በዚያው ክረምት ነው፤ ሲቃጠል ይመለሳል፤ በሚቀጥለው ክረምት ሣሩ እንደገና ይወስደዋል። ሥሩ አፈር ውስጥ ደኅና ነው። ከብቱ ከእሳቱ በኋላ የሚከተለው ያንኑ ከሥሩ የሚወጣ ቡቃያ ነው። የጋምቤላ ብሔራዊ ፓርክ ነጭ ጆሮ ቆርኬዎችም፣ በብዙ መቶ ሺህ ሆነው የደቡብ ሱዳንን ድንበር እየተሻገሩ የሚመላለሱት፣ በዚሁ ሣር ነው የሚኖሩት።

ልዩነቱ ያለው በጊዜው ነው። በኅዳር፣ ሣሩ ገና ግማሽ እርጥብ ሳለ የተለቀቀ እሳት ዝቅ ብሎ ይሄዳል፤ እዚህም እዚያም ይጠፋል፤ ዛፍ ብዙም አይጎዳም። በየካቲትና በመጋቢት የተለቀቀው ግን ሁሉን ይዞ ይሄዳል። ወጣት ዛፎችን ይገድላል፤ ሴቶች ቅቤ የሚያወጡበትን የሺያ ዛፍ ችግኝ ጨምሮ። ዛፍ ዐሥርና ሃያ ዓመት ያጠራቀመው ካርቦን በአንድ ክረምት አይመለስም። ሙቀቱ ሲጨምርና በጋው ሲረዝም ዘግይቶ የሚነሣው እሳት እየባሰ ይሄዳል።

ጋምቤላን ከሌላው ቆላ የሚለየው ውሃው ነው። ባሮ፣ ጊሎ፣ አልዌሮና አኮቦ የተባሉት ወንዞች ከደጋው ወርደው ሜዳው ላይ ይተኛሉ። የባሮ ውሃ ከፊሉ ድንበር አልፎ ደቡብ ሱዳን ውስጥ ያለውን የማቻር ረግረግ ይሞላል። ውሃ የሸፈነው አፈር ኦክሲጅን ስለማያገኝ የሞተ ተክል ቀስ ብሎ ነው የሚበሰብሰው። ስለዚህ ረግረግ ካርቦን የማስቀመጥ ችሎታው ከፍተኛ ነው።

ግን ሌላም ነገር አለው። ኦክሲጅን በሌለበት የሚኖሩ ተሕዋስያን ሚቴን የሚባል ጋዝ ይሠራሉ። ረግረግ ውስጥ ሲሄዱ ከጭቃው የሚወጣው አረፋ ውስጥ ያለው እሱ ነው። አንድ ኪሎ ሚቴን በመቶ ዓመት ሲሰላ ከአንድ ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ 28 እጥፍ ገደማ ያሞቃል። ሙቀት ሲጨምር የሚቴኑም መጠን ይጨምራል። ሳተላይቶች እንዳሳዩት ከ2010 እስከ 2016 ባለው ጊዜ ከሐሩር አፍሪካ የሚወጣው ሚቴን ጨምሯል፤ ለዚህም በደቡብ ሱዳን ያለው ትልቁ የሱድ ረግረግ ዋና ድርሻ ነበረው።

ታዲያ ረግረጉን ማድረቅ ይሻላል? አይሻልም። ረግረግ ሲደርቅ ሚቴኑ ይቀንሳል፤ ግን ለዘመናት የተቀመጠው ካርቦን ኦክሲጅን አግኝቶ መበስበስ ይጀምራል። ዓሣው፣ የበጋ ግጦሹና ጎርፉ ሲሸሽ የሚታረሰው መሬትም አብሮ ይሄዳል።

ስለ ሳተላይት ካነሣን ምዕራብ ኢትዮጵያ በስሟ የተጠቀሰችበትን ጥናት ማወቅ አለብዎት። በ2019 በኤደንብራ ዩኒቨርሲቲው ፖል ፓልመር የሚመራ ቡድን የጃፓንንና የአሜሪካን ሳተላይቶች ልኬት አጠና። በ2015 እና በ2016 ከሰሜናዊው ሐሩር አፍሪካ ብዙ ካርቦን እንደወጣ ጻፈ። የ2016ቱ መጠን ወደ 6 ቢሊዮን ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይደርሳል። ከፍተኛው መጠን የታየው በምዕራብ ኢትዮጵያና በምዕራብ አፍሪካ ሐሩር አካባቢ ነበር። ያ ወቅት ኃይለኛ ኤልኒኖ፣ ማለትም የፓስፊክ ውቅያኖስ መሞቅ የብዙ አገሮችን ዝናብ ያዛባበት፣ አገራችንም ከባድ ድርቅ ያየችበት ነው። ተመራማሪዎቹ የጠረጠሩት አፈሩን ነው፤ ብዙ ካርቦን የያዘ አፈር ባለበት የመሬት አጠቃቀም እየተለወጠ ነው አሉ።

ይህ የመጨረሻ ቃል አይደለም። በ2023 የታተመ ሌላ ጥናት በአውሮፕላን የተወሰደ ልኬት ጨምሮ ሲያሰላ የሐሩር አፍሪካ ገቢና ወጪ ወደ ሚዛን የቀረበ ሆኖ አግኝቶታል። ሳተላይቱ በጣም ሰፊ አካባቢን ነው የሚያየው፤ ይህኛው ወረዳ ነው ብሎ አይጠቁምም። ክርክሩ በመጠኑ ላይ ነው። አፈር ሲሞቅና ሲታረስ ካርቦን ማጣቱን ግን ብዙም የሚክድ የለም።

ከሜዳው ወደ ምሥራቅ ከፍ ሲሉ ነገሩ ይለወጣል። የመዣንግ ዞን በደን የተሸፈነ ነው፤ በ2017 በዩኔስኮ የባዮስፌር ክልልነት ተመዝግቧል። ይህ ሰው እየኖረበት የሚጠበቅ ቦታ ማለት ነው። መዣንጎች ዛፍ ላይ ቀፎ ሰቅለው ማር ይቆርጣሉ፤ ከዛፉ ጥላ ሥር ቡና አለ። ጥላው አፈሩን ያቀዘቅዘዋል። ዛፉ ሲቆረጥ ፀሐይ በቀጥታ አፈሩን ታገኘዋለች፤ ተሕዋስያኑም ይፈጥናሉ። በሐሩር አገሮች የተሰበሰቡ ጥናቶች እንደሚያሳዩት ነባር ደን ወደ እርሻ ሲለወጥ አፈሩ ካለው ካርቦን በአማካይ ሩብ ያህሉን ያጣል። ዛፉ ላይ የነበረው ከዚህ ውጭ ነው።

ወደ ዋጋው እንሂድ። በ2010 መንግሥት በጋምቤላ 100,000 ሄክታር መሬት ካሩቱሪ ለተባለ የእርሻ ኩባንያ ለ50 ዓመት ሲያከራይ ኪራዩ ለአንድ ሄክታር በዓመት 20 ብር ነበር። ውሉ በ2015 ማብቂያ ላይ ተቋረጠ። 50 ዓመቱ ቢሞላ ኖሮ አንድ ሄክታር 1,000 ብር ያስገባ ነበር፤ በዚያን ጊዜ ምንዛሪ 60 ዶላር ገደማ።

ካርቦኑን ደግሞ እናስላ። ለምሳሌ አንድ ሄክታር በመታረሱ 10 ቶን ካርቦን አጣ እንበል። ካርቦን ከኦክሲጅን ጋር ሲጣመር ክብደቱ ስለሚጨምር ይህ 37 ቶን ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሆናል። ዋጋውን ከወላይታ ሁምቦ እንውሰድ፤ እዚያ ገበሬዎች 2,700 ሄክታር ገደማ የተራቆተ ተራራ ከልለው፣ ከጉቶ የሚያቆጠቁጠውን ዛፍ እየተንከባከቡ ደን መልሰዋል። የዓለም ባንክ ይህ ደን ከአየር የሚወስደውን 165,000 ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሊገዛ ሲዋዋል አንዱን ቶን በ4 ዶላር ገደማ ነበር። በዚህ ርካሽ ዋጋ እንኳ ያ 37 ቶን ከ140 ዶላር በላይ ነው። ከ50 ዓመት ኪራዩ ከሁለት እጥፍ ይበልጣል ማለት ነው። መሬቱን ስናከራይ ይህን የቆጠረ አልነበረም።

ካርቦን መሸጥ ቀላል ነው ማለቴ ግን አይደለም። መጠኑ መለካት፣ በገለልተኛ አካል መረጋገጥ፣ መሬቱም የማን እንደሆነ መታወቅ አለበት። ይህ ራሱ ገንዘብና ዓመታት ይጠይቃል። ለገበሬው የቀረበው ዋጋ ሌላ ነው። የአፈር ካርቦን ማለት ብስባሽ ማለት ነው፤ ውሃ የሚይዘውና ሰብል የሚመግበው እሱ ነው። ሲያልቅ ማዳበሪያ መግዛት ግድ ይሆናል፤ ዝናብ ለሳምንት ሲዘገይም ሰብሉ ቶሎ ይጠወልጋል።

ፍትሑንም መርሳት አይገባም። አንድ ኢትዮጵያዊ በአማካይ ከነዳጅ የሚያወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ በዓመት ከ0.2 ቶን አይበልጥም፤ የዓለም አማካይ 4.7 ቶን ገደማ ነው። የጋምቤላን አፈር የሚያሞቀው ጋዝ በአብዛኛው ከሌላ ቦታ የመጣ ነው። ያም ሆኖ ብስባሹን የሚያጣው የኢታንግና የአቦቦ ወረዳ ገበሬ ነው።

ታዲያ እርስዎ ምን ያድርጉ? ሣር ማቃጠል ካለብዎት በኅዳር፣ ገና እርጥበት ሳለው፣ ከጎረቤት ጋር ተነጋግረው ያቃጥሉ። የበቆሎና የማሽላ አገዳ አፈሩ ላይ ይተዉ እንጂ አያቃጥሉት፤ አፈሩን ይሸፍናል፣ ያቀዘቅዛል። በአፈር ምድጃ አንድ ኪሎ ከሰል ለማክሰል ከ5 እስከ 10 ኪሎ እንጨት ይሄዳል፤ ስለዚህ ከሰል ይቆጥቡ፤ እንጀራ የሚጋግሩ ከሆነም ማገዶን እስከ ግማሽ የሚቆጥበው ምርጥ ምድጃ ዋጋውን ቶሎ ይመልሳል። ከ300 ሺህ በላይ ስደተኞችን ለሚያስተናግድ ክልል ማገዶ ቆጣቢ ምድጃ በጣም አንገብጋቢ ነው፤ ለመጠለያዎቹም ለአካባቢው ነዋሪም።

ችግኝ መትከሉስ? ቀድሞ ደን በነበረበት ይትከሉ፤ የአገሩን ዛፍ ይምረጡ። የሣር ሜዳውንና ረግረጉን ግን ቆፍረው ዛፍ አይትከሉበት፤ የእነሱ ካርቦን ያለው ከመሬት በታች ነው።

በወረዳም ሆነ በክልል መሬት የሚሰጡ ኃላፊ ከሆኑ ደግሞ አንድ ነገር ልለምንዎ። ውሉ ላይ ከመፈረምዎ በፊት የአፈሩ ናሙና ይወሰድ፤ በሄክታር ስንት ቶን ካርቦን እንዳለው ይለካ፤ ቁጥሩም ከኪራዩ ጎን ውሉ ላይ ይጻፍ።